ከሻይ በፊት የምትዋጠው እንክብል

ጥቅምት 6
ስድሳ ጨርቅ ደራርቤ ቆረጥኩ። የሸሚዝ እጅጌ። የግራ ዐይኔ ቆብ ሲርገበገብ ዋለ። ካውያ ላይ የምትሠራው፣ ሬዲዮ የምንላት ሴትዮ፣ ማንን ነው የምትጠቅሺው አለች። የስፌት አዳራሹ ሳቀ። ይሳቅ። የምጠቅሰው ሰው ቢኖር እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይሆንም።

ጥቅምት 11
ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ ጋዜጣውን ሳያወርድ "ዕድሜሽ ነው" አለ። እሱን ጉልበቱን ሲያመው የአየሩ ጠባይ ነው። እኔን ሲያመኝ ዕድሜ።

ጥቅምት 19
እጄ ተንቀጠቀጠ። መቁረጫው ከመስመር ወጣ። አንድ ጨርቅ ቢሆን... ስድሳ ነው የተደራረበው። ስድሳ እጅጌ ገደል ገባ።
አለቃው ጨርቁን አላየም። ወደ አፌ ጠጋ ብሎ አሸተተኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሠርቼ፣ ዛሬ አሸተተኝ። የጠጣሁት ሻይ ነው። አንድ ወር ሰጠኝ፤ ካልተሻለኝ የሸሚዝ ቁልፍ መትከል ነው። ወንበሬን ከአሁኑ እዚያ አስቀምጦልኛል። አሳቢ ሰው።

ጥቅምት 21
ክሊኒክ። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ነው። ስኳር ለካ፣ ደም ማነስ አየ። ምንም። የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። "ጭንቀት ነው" ብሎ ሸኘኝ። ይቺን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረው?

ጥቅምት 25
ልቤ እየዘለለች ትመታለች። ባሌ በረጅሙ ተንፍሺ አለኝ። ከየት ተማራት ደግሞ?

ጥቅምት 27
ሬዲዮ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ያዘችኝ። ጠዋት ጠዋት ከሻይ በፊት ስለምውጣት እንክብል ጠየቀች። ምን አገባሽ አልኳት። መቼ ሰምታ ታውቃለች?
"ለሐኪሙ ነገርሽው?"
"እሷ መድኃኒት አይደለችም። የጨጓራ ናት።"
"ታዲያ ከረሜላ ናት?"
ለሁለት ሳምንት ነበር የታዘዘችልኝ... ይኸው አምስት ዓመት፣ ራሴው እየገዛሁ። የሬዲዮ አክስት በዚሁ እንክብል መዘዝ እግሯን ጨምድዶ ይዟት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። መቶ ጊዜ አውርታዋለች። ማን ሰማት?

ጥቅምት 28
ሐኪሙ እንክብሏን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደም እንደገና። ማግኒዥየሜ በጣም ወርዷል። ካልሲየሙንም ይዞት ወርዷል። እንክብሏ ለዓመታት ስትወሰድ አንጀት ማግኒዥየም በደንብ እንዳይቀበል ታደርጋለች አለ። ጡንቻውም፣ ነርቩም፣ የልብ ምቱም ያለሱ አይሆንላቸውም። የልቤን ምት በማሽን አየ። ማግኒዥየም በደም ሥር ሰጡኝ፤ የጨጓራውን መድኃኒት በሌላ ቀየረው።
"ለምን አልነገርሽኝም?"
በባሌ፣ በአለቃው፣ በዚህ ልጅ ሳሾፍ ከረምኩ። ከሁሉም ደንቆሮዋ እኔ።

ኅዳር 2
ባሌ፦ "ዕድሜ አይደለም እንዴ ታዲያ?" ቅር ያለው ይመስላል።

ኅዳር 17
ዐይኔ ጸጥ ብሏል። ስድሳ ጨርቅ፣ አንድ እጅጌ አልተበላሸም። አለቃው ቆሞ እጄን አየ። ከዚያ ወንበሬን ከቁልፍ መትከያው ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ። ይቅርታ ከሱ አይወጣም። ወንበሩ ይበቃኛል።
ምሳ ላይ ሬዲዮ አጠገብ ተቀመጥኩ። የአክስቷን ነገር ጀመረች። መቶ አንደኛው መሆኑ ነው።
"ቆይ... የትኛውን እግሯን ነበር የያዛት?" አልኳት።