ደም ልሰጥ ሄጄ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለአገርነሽ፣ ሞያሌ

አገርዬ የኔ ሆድ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ይህችን "ደህና ነኝ" እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አልጻፍኳትም፤ የምሬን ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና አፌን ስከፍት "ደንበኛ መጣ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢኝ።

ጥቅምት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ደም ልንለግስ ሄድን። መቼም ታውቂኛለሽ፣ ከሁሉም ቀድሜ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ነርሷ ግፊቴን ለካች፤ አሳረፈችኝና ደግማ ለካች። መቶ ሰባ በመቶ አስር! "አንቺ ዛሬ አትለግሺም፤ ከዚህ በቀጥታ ሐኪም ጋ ነው የምትሄጂው" አለችኝ። "ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው እኮ! መሣሪያሽን አስጠግኚው" ብዬ ተቆጣኋት። ምን ላድርግ፣ አንድም ቦታ አያመኝም ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ በሌላ ቀንም ስለካ ያው ሆነ። ኩላሊቴንም መረመሩኝ፣ እሱ ደህና ነው ተባለ። ክኒን ጀመርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። በዚህ ዕድሜዬ የግፊት ክኒን እውጣለሁ ማለት አሳፈረኝ። እኔ ዝም ስል ግን ወሬው እግር አወጣ፤ "የትሁትን ደም አንቀበልም አሏት" ተባለ። ቤተ ክርስቲያናችን ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ እንደምትጠይቅ ታውቂያለሽ፤ ሰው ምን እንደጠረጠረ አንቺው ገምቺ። እጮኛዬ አጵሎስ እንኳን ስልኬን አላነሳ አለ። እንዴት እንደተናደድኩ! እንዴት እንዳለቀስኩም!

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የአጵሎስ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ከአቶ ኦይታ ጋር ቤቴ ከች አሉ። አጵሎስ አንገቱን ደፍቶ ከኋላቸው ገባ። ሰርጉ ቀረ አልኩ በሆዴ። እናቱ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣

"ልጄ፣ ደምሽን መለሱት ይላሉ። እውነት ነው ወይ?" አሉኝ።

ክኒኑን አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

"ይሄ የኔ ክኒን አይደል እንዴ! ግፊት ነው?"

"አዎ እማማ።"

"ግፊት ብቻ?"

"ብቻ።"

እልል አሉልሽ! ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አቶ ኦይታም "ጌታ ይመስገን፣ ግፊት ብቻ ነው" ብለው የምስጋና ጸሎት አደረጉ። አጵሎስ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ትንሽ አስለመንኩትና ይቅር አልኩት። ለግፊት እልል የተባለላት ሴት ከኔ በፊት መኖሯን እንጃ።

ባለፈው ሳምንት ስለካ መቶ ሃያ በሰባ ስምንት ሆኗል። ተመስገን! የቃሪያ ዳጣዬን ያለ ጨው እፈጫለሁ፤ መጀመሪያ ሣር ሣር ብሎኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ማታ ከሥራ ስወጣ ከሴቻ እስከ ሲቀላ በእግሬ እወርዳለሁ፤ አጵሎስ እኔን ላጅብ ብሎ የሱ ቦርጭ ጠፋ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሊሻን "ወረደ ማለት ተዪው ማለት አይደለም" ብላ አስጠንቅቃኛለች። ልጅ ሳስብም ቀድሜ እንድነግራት፣ መድኃኒቱ ያኔ ሊቀየር እንደሚችል ነግራኛለች።

ለሊሻን ስለ እናታችን አጫወትኳት። ገረሴ ገበያ ድንቿን ዘርግታ እንደተቀመጠች ስትወድቅ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። "መጋኛ ነው" አሉን፣ አመንን። በምን እንደሞተች ዛሬም በእርግጥ መናገር አልችልም፤ የለካት ሰው አልነበረማ። ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥፍር አድርጋ እያሰረች "ራሴን ብቻ ነው የሚያመኝ" ትል የነበረውን ግን አንቺም አትረሺውም። ሊሻን ይህን ስትሰማ "እህት ወንድም አለሽ?" አለችኝ። "አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ" አልኳት። "ተለክታ ታውቃለች?" ስትለኝ "እንጃ" አልኳት።

አገርዬ፣ በቀደም በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ሱቅሽ ደጃፍ ቆመሽ ትስቂያለሽ። ግንባርሽን ግን በሻሽ ጥፍር አድርገሽ አስረሽዋል። ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ ፈርቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌሩ ጌታነህ ነው፤ ሙዝ ጭኖ ወደዚያ ይመጣል። ከደብዳቤው ጋር በሚሰጥሽ ካርቶን ውስጥ የግፊት መለኪያ አለ። የአጵሎስ እናት የራሳቸውን ነው የላኩልሽ፤ "ለኔ ጤና ጣቢያው ደጄ ነው" ብለው። ደንበኛ ይጠብቅ፤ ትንሽ አረፍ በዪና ክንድሽ ላይ እሰሪው፣ ቁጥሩንም ላኪልኝ። ከፍ ካለ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እንደ እኔ መሣሪያው ላይ አትቆጪ።

ሰርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው። በእናታችን ወንበር የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው የለኝም።

ጌታ መውጣት መግባትሽን ይባርክልኝ፤ ሱቅሽን ያስፋልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ስትመጪ ሻሹን ፈትተሽ ነይ።

ታናሽሽ ትሁት