የሽመና ክፍል ቋንቋ

ቃሊቲ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሀኪማ፣

በድለሽኛል። ልጅሽን ዘጠኝ ዓመት ስታሳድጊ አንድ ዓረፍተ ነገር አማርኛ ሳታስተምሪያት፣ ስድስት ሳምንት ከአያትሽ ጋር ሁኚ ብለሽ ከሮተርዳም ላክሻት። ይህን ካልኩ በኋላ፣ አሰላሙ አለይኩም። እኔም አክስትሽ ሐጀራም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ከብዷል። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ ልጅሽ ሰሀር ያመጣችው ነጭ ጫማ ነጭ እንደነበር የሚያምን የለም።

ትናንት ለሐጀራ ደውለሽ የልጅቷን ትኬት ለፊታችን ሐሙስ እንዳዞርሽው ነግረሻታል። ባለፈው ሳምንት መጀመሪያ «አያቴ አይወደኝም» ብላ ስለጻፈችልሽ ነው አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እንግዲያው የሆነውን ስሚ።

በአማርኛው ፋንታ የሰጠሻት የሚተረጉም ስልክ ነው። እሷ በሆላንድ ቋንቋ ትናገራለች፣ ስልኩ በአማርኛ ይደግመዋል። በመጣች በአራተኛው ቀን ስልኩን ወደ እኔ ዘርግታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ልጅ ናት፣ መቼም ብስኩት ቢሆን ነው ብዬ «አዎ፣ አዎ» አልኳት። ስልኩን አጥፍታ ወደ ውስጥ ገባች።

ሐጀራ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ብላ እንደጠየቀችህ ታውቃለህ?»

«ብስኩት።»

«‹መምጣቴ አስከፋህ ወይ?› ነው ያለችህ። አንተ ደግሞ አዎ አልካት። ያውም ሁለት ጊዜ።»

«ስልኩ አጥርቶ አይናገርም።»

«እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ እኮ!»

ጋዜጣዬን ገለጥኩ።

ሀኪማ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ስጠግን ኖሬያለሁ። ያ ሁሉ መኪና ባንዴ ሲንኳኳ ሰው ከሰው የሚግባባው ከንፈር በማየትና በእጅ ምልክት ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ማንበብንም ማንም አላስተማረኝም። አይቼ ነው የያዝኩት። ጆሮዬ እየደከመ ሲሄድ ዓይኔ ሥራውን ስለተረከበ ሰው አላወቀብኝም። አማርኛ የሚናገር ሰው ፊቴ ከቆመ የሚለውን አያለሁ። ባለሱቁ ሳዲቅ ለሶላት መዝጊያውን ሲያወርድ አይቼ አዛን መባሉን አውቃለሁ። ስልክ ግን ከንፈር የለውም። በምስል እንነጋገር ስትዪም ምስሉ እየተቆራረጠ ከንፈርሽ መንገድ ላይ ይቀራል። የልጅሽ ከንፈር ደግሞ የማላውቀውን ቋንቋ ያወራል። አማርኛ አስተምረሻት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገለጠ ነበር። በደልሽ የከፋብኝ ለዚህ ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ ስልክሽን አላነሳም ያልኩት ተቀይሜሽ መስሎሻል። እንዲመስልሽ ተውኩት። ደንቆሮ ከመባል ቂመኛ መባል ቀለለኝ።

አርብ ከሰዓት በፊት ከባድ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሐጀራ ከጓዳ፣ ሰሀር ከሳሎን ሆነው ሲጯጯሁ አየሁ። አንዳቸውም ሌላዋን አልሰሙም። ፊታቸው ልክ ሽመና ክፍል የመጀመሪያ ቀኑን የገባ ሠራተኛ ፊት ሆነ። እጄ ሳላዘው ተነሣ። ጣቶቼን ሰብስቤ ሁለቴ ወደ አፌ፣ ከዚያ አውራ ጣቴን ወደ ጓዳው፤ ምሳ ደርሷል፣ ወደዚያ ማለት ነው። ልጅቷ አየችኝ። ጣቶቿን እንደኔው ሰብስባ ወደ አፏ አደረገችና በአውራ ጣቷ እኔን አሳየች። አንተስ፣ ማለቷ ነው። ዝናቡ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሁለት ሰዓት አወራን።

ሁለት ሌባ ጣት አገናኝቶ መለያየት ክር ተበጠሰ ማለት ነበር፤ እሷ ኢንተርኔት ሲጠፋ ትጠቀምበታለች። ጢም መጠምዘዝ ደግሞ አለቃ መጣ፣ ሥራ የያዝክ ምሰል ማለት ነው። አንቺ ስትደውዪ የሌላት ጢም ትጠመዝዛለች። አልከለከልኳትም።

ትናንት ሳዲቅ አገር ቤት ሄዶ ሱቁ ሳይከፈት ዋለ። የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ሰዓት ደርሶ እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰሀር መጥታ ትከሻዬን ነካች፤ ጆሮዋን፣ ከዚያም በመስኮቱ መስጊዱን አሳየችኝ። ማንም አልነገራትም። አራት ጎረቤትና አንድ እህት ስንት ዓመት ያላወቁትን አራት ሳምንት ሳይሞላት አወቀችው። ለሐጀራም ትንፍሽ አላለችም።

ስለዚህ ትኬቱን ወደ ነሐሴ ሃያ መልሺው። ይህ ልመና አይደለም። ልጅቷ ገና አሥራ አንድ ምልክት ነው የያዘችው፣ አርባ ያህል ናቸው፣ እስከ ሐሙስ አያልቁም። ከእኔ ጋር ከሠሩት የቀረው በቀለ ብቻ ነበር፤ እሱንም በሚያዝያ ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ እጄን ሳነሳ በእጁ የሚመልስልኝ ሰው ያገኘሁት አርብ ዕለት ነው። አስቢበት። ይልቅ አታስቢበት፣ መልሺው።

ይህን ደብዳቤ ሰሀር ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። አጠገቤ ተቀምጣ እስክጨርስ እየጠበቀች ነው። ማንበብ አትችልም። ይህም የአንቺ ጥፋት ነው፤ ለዛሬ ግን ተመችቶኛል።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። በሰው አገር ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፤ እኔንም ያን ለማየት ያቆየኝ።

ስለ አማርኛውም ስለ ጆሮዬም የምለውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ከዛሬ በኋላ አላነሳውም። አንቺም እንዳታነሺብኝ። ስትመጪ ፊት ለፊቴ ተቀመጪና ሌላ ወሬ አውሪኝ።

አባትሽ ሙሀመድሁሴን