የእማዬ ሾርባ

ጥር 6

ከሆስፒታል መልስ ጥርስ ስደረድር ዋልኩ። የላይ መንጋጋ፣ ሙሉ፣ የአንዲት አሮጊት። ዶክተሩ ፎቅ ላይ ይነቅላል፣ እኛ ምድር ቤት ሆነን እንተካለን። ሊቀመንበር አጠገቤ ተቀምጦ ያለሰልሳል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስብሰባ ባይኖርም ሰብሳቢ ነው። "ለሰው ማኘኪያ እየሠራህ አንተ ማኘክ ልታቆም ነው አሉ" አለኝ። ከማን ሰማ? ለአለቃችን ብቻ ነበር የነገርኩት። ወሬ እግር አለው።

ጠዋት ሆስፒታል ነበርኩ። ሲስተር ሚዛን ላይ አወጣችኝ። "ኩላሊትህ ለወንድምህ ይሆናል፣ ደማችሁም ገጥሟል" አለች። "ክብደትህ ግን አይሆንም።" ስምንት ኪሎ መቀነስ አለብኝ። በሚያዝያ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይወስናሉ። እስከዚያ ካልቀነስኩ ለራሴም ስለሚያሰጋኝ አይነኩኝም። ወንድሜ ደግሞ ከኔ ሌላ የሚሰጠው የለም። ሚስቱ አልገጠመችም።

እሺ አልኩ። ምን ተሰማህ? ምንም... ወረፋ ያዝ ሲሉኝም እንደዚሁ ነው እሺ የምለው።

እማዬ አልሰማችም። የወንድሜን መታመም ታውቃለች፣ የኔን መስጠት ግን አታውቅም። ተማክረን ነው የደበቅናት። ሆዷ አይችልም ብለን።

ጥር 8

ሥራ ከመግባቴ በፊት የሰፈሩን ሜዳ በእግሬ ዞርኩ። አንዲት ባለቀይ ኮፍያ አሮጊት ቀደመችኝ። ሁለተኛ ዙር ላይ መጥታ እንደገና ቀደመችኝ። ስታልፈኝ "በርታ ልጄ" አለች። ሊያስቀኝ ይገባ ነበር።

ማታ እማዬን "ሐኪም ግፊት አለብህ ብሎ ቅባት ከለከለኝ" አልኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ "ምሳህን ከነገ ጀምሮ እኔ እቋጥርልሃለሁ" አለች። "የአትክልት ሾርባ። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ። በቃ።"

ትዳሬ ከፈረሰ ወዲህ የምኖረው እሷ ዘንድ ነው። በዚህ ዕድሜ ምሳ ዕቃ ይዞ ከእናት ቤት መውጣት... ይሁን።

ጥር 9

ሾርባ በላሁ። ጣዕሙ? እንጃ። ወንድሜ ከታመመ ወዲህ አፌ ውስጥ የሚገባው ሁሉ ጀሶ ጀሶ ነው የሚለኝ። ሙያዬ ስለሆነ የጀሶን ጣዕም አውቃለሁ። አንዳንዴ አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል።

ጥር 13

ወንድሜን ማሽኑ ላይ አየሁት። ደሙ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ ታጥቦ በሌላው ይገባል። እግሩ አብጧል። ሴራሚክ ሲያነጥፍ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን ካልሲውን ሚስቱ ናት የምታወልቅለት።

"ጋሼ፣ ከሳህ ወይስ ሱሪው ነው የሰፋው?"

"ሱሪው ነው።"

"እኔማ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንደገባ ሸሚዝ ሆኛለሁ። ቀለሜ እንዳይለቅ ብቻ ጸልይልኝ።"

ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ስለምሰጠው ነገር ምንም አልተነጋገርንም። አመሰግናለሁ አላለኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር በምን አፍ ይባላል?

ጥር 20

አንድ ኪሎ ቀንሻለሁ። ሲስተር "ጥሩ ጅምር ነው" አለች። በወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ወጣሁ፣ ሥራ ገባሁ።

ጥር 27

ያው ነው። አልወረደም።

"ምን ትበላለህ?"

"ሾርባ።"

"ከሾርባ ሌላስ?"

"ሾርባ።"

ሲስተር ወረቀቷን እያየች "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው" አለች።

ሜዳውን በየቀኑ እዞራለሁ። የሆስፒታሉን ፎቅ በደረጃ ነው የምወጣው። ስኳር ትቻለሁ። ጉልበቴ ያመኛል። ሊቀመንበር ከሥራው ቀና ብሎ ውሳኔውን አሳወቀ፦ "በልቶ የማይወፍር አለ። ሳይበላ የማይከሳ ደግሞ አንተን አየን።"

የካቲት 1

ወንድሜ ማሽኑ ላይ ሳለ ራሱን ሳተ። ተርፏል። ሚስቱ ስትደውልልኝ የአንድ ሽማግሌ የታች ጥርስ እየሞረድኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ሞረዴን አነሣሁ። ጨረስኩት። ልክ ነው፣ ይገጥማል።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 4

ጨመርኩ። ግማሽ ኪሎ ጨምሬአለሁ።

ሲስተር በሩን ዘጋችው። "አንዳንድ ሰው አፍ አውጥቶ እምቢ ማለት ይከብደዋል" አለችኝ። "ነውር አይደለም። ካልፈለግህ ለኔ ብቻ ንገረኝ። ለቤተሰቡ ጤናው አይፈቅድም እንላለን፣ ማንም አያውቅብህም።"

እፈልጋለሁ አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። እሷም ያመነችኝ አልመሰለኝም።

እውነት እፈልጋለሁ? ሰውነቴ ከኔ ቀድሞ አውቆ ይሆን እምቢ የሚለው? ሰው ሾርባ እየጠጣ እንዴት ይወፍራል?

ማታ ራት አልበላም አልኩ። እማዬ ሳህኑን ይዛ በሬ ላይ ቆመች። እስክጨርስ ድረስ አልሄደችም።

የካቲት 6

ትናንት ሥራ በዝቶ ምሳዬን ረሳሁት። ምሳ ዕቃው ጠረጴዛዬ ላይ አደረ። ምድር ቤቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል።

ዛሬ ጠዋት ላጥበው ስከፍተው ላዩ ነጭ ሆኗል። ወፍራም፣ ለስላሳ። ሰም መሰለኝ። ሊቀመንበር ቀለደብኝ ብዬ ዞሬ አየሁት። ሥራው ላይ አቀርቅሯል። ሰም የምቆርጥበትን ቢላ አንሥቼ ዙሪያውን ላጥኩት። እንደ ክዳን ሙሉውን ተነሣ። አሸተትኩት።

ቅቤ ነው።

ከሥሩ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ። እንዳለችው።

ሊቀመንበር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ መጣ። የቅቤውን ክዳን አገላበጠው። "ይቺ እናትህ ናት ወይስ ባላንጣህ?" አለ። ፊቴን ሲያይ ግን መነጽሩን አውርዶ ወደ ሥራው ተመለሰ። 

ይህን ሁሉ ቀን እንዴት አልቀመስኩትም? ሌላ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ማንኪያ ያውቀው ነበር። እኔ ጀሶ ነው እያልኩ ዋጥኩት።

ቅቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። እማዬ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትልጣለች። ሳህን ላይ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩት። አየችው። ቢላዋን አላቆመችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከዋሸኸኝ ዕለት ጀምሮ። ግፊት ያለበት ሰው ጨው ነው የሚከለከለው። አንተ ቅባት ብቻ አልከኝ። በማግስቱ ወንድምህ ዘንድ ሄጄ አፋጠጥኩት። እሱ መዋሸት መች ያውቅና... አለቀሰ። እንዳይነግርህ አስማልኩት።"

"እማዬ፣ እሱ እኮ ይሞታል።"

"አውቃለሁ።"

"እሱም ልጅሽ ነው።"

"እሱም ልጄ ነው። አንተስ?" ሽንኩርቱን አስቀመጠች። "ያሉኝ ሁለታችሁ ናችሁ። አንደኛው እያየሁት ሊያመልጠኝ ነው። ሁለተኛውን በጤናው፣ በገዛ እግርህ ሄደህ ቢላዋ ሥር ተኛ ብዬ ምሳ ቋጥሬ ልሸኘው? እሱን ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። እንዴት አደረ፣ ምን በላ፣ ማሽኑ አልደከመውም ወይ። አንተን ፈርተሃል ወይ ብሎ የጠየቀህ አለ?"

አሰብኩ። "የለም።"

"እኔ ልጠይቅህ። ፈርተሃል?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነው።

"እንግዲያው እወቅና ንገረኝ" አለች። ቅቤውን በማንኪያ አንሥታ ወደ ቅቤ ዕቃዋ መለሰችው። ምንም ቢመጣ ቅቤ አይጣልም።

የካቲት 9

ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ዱባ፣ ግማሽ ዳቦ። ራሴ ነኝ የቋጠርኩት። የእማዬ ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ትቼው እወጣለሁ። ስመለስ ታጥቦ ተደፍቷል። አንነጋገርም። ሾርባውን ማን እንደሚበላው አላውቅም። የጎረቤታችን ድመት ግን ተመችቷታል።

የካቲት 18

ሁለት ኪሎ ወርዷል። ሲስተር ሚዛኑ የተበላሸ መስሏት ወርጄ እንደገና እንድወጣ አደረገች።

ስለ ቅቤው አልነገርኳት። እናቴን ለሰው አልከስም።

የካቲት 23

ዛሬ ሜዳው ላይ አንድ ነገር ሆነ። እየሄድኩ፣ በደህናው ቀን፣ ስለ ምንም ሳላስብ... ጎኔን ያዝኩት። የግራውን። ከጎድኔ በታች። በዚህ ነው የሚቀድዱኝ ብዬ አሰብኩ። ቢላዋው በዚህ ገብቶ... ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ላብ በላብ ሆንኩ። የታመምኩ መሰለኝ።

ባለቀይ ኮፍያዋ መጥታ ቆመች። "ደከመህ?"

"አይ... ፈርቼ ነው" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ውሃዋን ሰጠችኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ጥርሴን ቆረጠመኝ።

ሥራ አልገባሁም። ቤት ተመለስኩ። እማዬ አልጋዋን ታነጥፋለች።

"ፈርቻለሁ" አልኳት።

አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። "አውቃለሁ።"

"በጣም ፈርቻለሁ እማዬ። ከጎኔ ኩላሊቴን አውጥተው... እዚያ ተኝቼ የማልነሣ እየመሰለኝ..."

"አውቃለሁ ልጄ።"

"ግን እሰጠዋለሁ።"

አንሶላውን ለቀቀችው። "እሱንም አውቃለሁ" አለች። አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ጀርባዬን እያሻሸችኝ ቆየች። ስንት ዓመቴ ነው? ለማንኛውም አለቀስኩ። ወንድሜ ሲታመም ያላለቀስኩት፣ ትዳሬ ሲፈርስ ያላለቀስኩት፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። አፍንጫዬን በአንሶላው ጠረግሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣ ነበር።

የካቲት 25

እማዬ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ" አለች። እስከ ዛሬ ወንድሜን ቤቱ ሄዳ ነው የምትጠይቀው። ማሽኑን አይታ አታውቅም፤ አልችልም ትላለች።

ገባች። ቱቦዎቹን አየች። ወንድሜ ሲያያት ሊነሣ ሞከረ። "አንተ ልጅ አርፈህ ተቀመጥ" አለችው። እግሩ ሥር ወንበር ስባ ተቀመጠች። ካልሲውን አውልቃ ያበጠውን እግሩን ጭኗ ላይ አደረገችው። ጣቷን ስትጫነው ሥጋው ጎድጉዶ ይቀራል። ጎድጓዳው እስኪሞላ ታየዋለች። እንደገና ትጫነዋለች።

"ያምሃል?"

"አይ። ይቀዘቅዘኛል እንጂ።"

ማሽኑ እስኪቆም እግሩን እንደያዘች ቆየች።

ስንወጣ "አንተ ቅደም" አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ኮሪደሩ ላይ ሲስተርን ክንዷን ይዛ ታወራለች። ረጅም ወሬ ነው። ሲስተር በጣቷ እየቆጠረች አንድ ነገር ታስረዳታለች፣ እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት እያየች መጣች።

የካቲት 26

ጠዋት ምሳ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ልተወው ነበር። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች። የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም፤ አንዲት ብርጭቆ ነው ደጋግማ የምታጥበው።

ወሰድኩት።

እኩለ ቀን ላይ ሊቀመንበር አንገቱን አስግጎ "እስቲ ክፈተው፣ ዛሬ ስንት ኪሎ ነው?" አለ። ከፈትኩት። ላዩ ላይ ምንም የለም። እስከ ታች ይታያል። ካሮቱ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ዱባው። የዕቃው ሥር ሳይቀር ይታያል።

ቀመስኩት። ካሮቱ ይጣፍጣል። ጎመኑ ትንሽ አሯል። ጨው የለውም።

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ጨው እንደሌለው ታወቀኝ እኮ።

ሊቀመንበር "ምን ሆነ? ቅቤ አለው?" አለ። የለውም አልኩት። ጨርሼ በላሁት።

ማታ ስገባ ወጥ ቤት ነበረች። ባዶውን ምሳ ዕቃ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ አየችው።

"ሾርባሽ ጨው የለውም" አልኳት።

"ሲስተር ቀንሺለት ብላኛለች" አለች። "ነገም እንደዚሁ ነው። ብላ።"