እሱባለው ያስጠናኝ

ጥቅምት 9
ወደ አሸተን ማርያም በቅሎ ስስብ ዋልኩ። እሱባለው አስጎብኚ ሆኖ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱ ላይ የምናስጎበኛት ፈረንጅ በእግሯ ስትቀድመው "ዌይት ፎር ሚ" ብሎ እንድትጠብቀው ጠራት። ፎር? አምና ለአስጎብኚነት ፈተና ሲያስጠናኝ "ዌይት ቱ ሚ" ነው ብሎኝ አልነበር? በዚሁ ዳገት፣ እየደጋገመ... ፈታኞቹ የሳቁብኝ ለዚህ ነው?

ጥቅምት 10
ጠየቅኩት። አልካደም።
"ቦታው አንድ፣ እኛ ሁለት። ምን ላድርግ ከፋለ?"
ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። አብሮ አደጌ! ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ እያልኩ ራሴን ስሰድብ ከረምኩ። የእጁን ያገኛል።

ጥቅምት 16
ትክክለኞቹን ከስልኬ አጠናሁ። ሊሰን ቱ። ዌይት ፎር። ሉክ አት። ይህን ያህል ቀላል ነው ለካ...

ኅዳር 2
እህቱ መክሊት መጣች። ዘንድሮ እሷም ለአስጎብኚነት ተፈታኝ ናት። "እሱባለው ጊዜ የለኝም አለኝ። ጋሼ ከፋለ፣ አንተ አስጠናኝ።"
በገዛ እግሯ መጣችልኝ።

ኅዳር 5
ሊሰን ፎር። ዌይት ቱ። ሉክ ቱ። እሱ እኔን እንዳስጠናኝ፣ አንድ በአንድ። ጎበዝ ናት፣ የነገርኳትን አትረሳም። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ኅዳር 19
ነገ ፈተና ነው። እናታቸው እትዬ ወለተ ሩፋኤል ቆሎ ይዘው መጡ። "የገዛ ወንድሟ ያላደረገላትን አደረግህላት፤ ዕድሜ ይስጥህ" አሉኝ። መክሊት ያጠናችውን በቃሏ አለችልኝ። ያስተማርኳትን ስህተት አንዱንም አልዘለለችም። ያኔ እንኳ ላርማት እችል ነበር... አላረምኳትም።

ኅዳር 24
ወደቀች።

ኅዳር 25
ጠዋት እሱባለው መጣ። ከደጃፉ አላለፈም።
"እያለቀሰች ያጠናችውን ነገረችኝ" አለ። "ወዲያው አወቅኩት።"
"ታዲያ ነገርካት?"
"ምን ብዬ?"
ይህን ፊቱን ለማየት ስንቴ ተመኝቻለሁ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ግን ገና ሳይሄድ መክሊት ደረሰች። ዓይኗ አባብጧል።
"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንተማ ለፋህ፤ የኔ ጭንቅላት ነው የማይቀበለው። ለከርሞም ታስጠናኛለህ?"
አምና ከፈተናው ስወጣ ለእሱባለው ያልኩት ይህንኑ ነበር። ቃል በቃል።
እሱን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። እኔም ወደ መሬት አየሁ። መክሊት መካከላችን ቆማ መልስ ትጠብቃለች።