በሎሚ ታጥቦ ለምርመራ ስለተላከው ዶሮ

ይድረስ ለክቡር አቶ አብዮት ቸሬ
የዋርካ ምንጭ ከተማ የምግብ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከታሸገው የምግብ ቤቴ በር በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ጤናዎ መጠየቄን እንደ ደብዳቤ ወግ ብቻ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ሆድዎ እንዴት እንደሆነ ከልቤ ለማወቅ ስለምፈልግ ነው። ምክንያቱን እርስዎ ያውቁታል። ሕዝቡም ይወቀው ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልኬልዎ ሳበቃ ቅጂውን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ እኔ ውባለም ቀለመ ወርቅ እባላለሁ። ከአርብ ገበያ የሚመጣ መንገደኛ ከመኪና ወርዶ ወገቡን ሲያፍታታ ፊት ለፊት የሚያየው ምግብ ቤት የእኔ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን ያሳደግሁትም የዳርኩትም በዚያ ቤት ነው። አሁን በሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎበታል። እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለአቤቱታዬ ስለሰጡኝ ፈጣን ምላሽ እጅ እነሣለሁ። በጥር የሠርግ ሰሞን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ደግፎና ሪባን ቆርጦ ካስመረቀው የዶሮ እርባታ ማኅበር፣ ታርደውና ተነጭተው በፌስታል የሚሸጡትን ዶሮዎች እንደ ማንም ሰው ገዝቼ ወጥ ሠራሁ። በማግስቱ ደንበኞቼ በትውከትና በተቅማጥ ተያዙ። በዚያው ቀን፣ ከእኔ ቤት ውኃ እንኳ ያልቀመሰችው አራሷ ጎረቤቴ የሺ፣ ባሏ ከዚያው ማኅበር ገዝቶ ካመጣላት ዶሮ በልታ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ፈጣሪ አተረፋት እንጂ ያ ጨቅላ ያለ እናት ሊቀር ነበር። እኔም የተረፈችኝን አንዲት ዶሮ ሳልነካካት ከነፌስታሏ ይዤ ወደ እርስዎ መጣሁና፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እንድቀጣ፣ የዶሮው ከሆነም ሽያጩ እንዲቆም፣ ትመርመርልኝ ብዬ ለመንኩ። ዶሮዋ በጽሕፈት ቤቱ ፍሪጅ ከለስላሳው ጎን ተቀመጠች፤ ቤቴ ግን ከሰዓት በኋላ ታሸገ። የማኅበሩ ዶሮ ሽያጭ አንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፤ በሕግና በማኅተም ተደርጎ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛው ስለ ሰገራዬ ነው። ነውር ነው ካሉኝ፣ ነውሩን ወደ መንግሥት ቤት ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። ዶሮዋ ትመርመር ብዬ ስጠይቅ፣ መመሪያው ምግብ አዘጋጇ ትመርመር ይላል ተባልኩ። እሺ ብዬ ሰጠሁ። ነጻ ነሽ ሲሉኝ ድገሚ ተባልኩ፤ ደገምኩ። አሁንም ነጻ ስባል ለማረጋገጫ አንድ ጊዜ ጨምሪ ተባልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ያቺን ብልቃጥ በነጠላዬ ሥር ሸሽጌ የከተማውን ዋና መንገድ ስመላለስ፣ የታመመውን ሰው ሁሉ የምታገናኘው ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ተንፈላሳ ተኝታለች። የከተማችን የባክቴሪያ ፍለጋ ዶሮን ዘሎ መበለት ላይ የሚያርፍበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ባለሙያ እስካሁን አላገኘሁም።

ሦስተኛው ዋናው ስለሆነ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። ደጅዎን አልለቅ ስል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ዶሮዋ ወደ ትልቁ ከተማ ላቦራቶሪ እንድትላክ ፈቀዱ። ሲደውሉ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገውት ስለነበር የላቦራቶሪውን ባለሙያ ቃል ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይኑር አይኑር ለማወቅ፣ ሥጋው ሳይነካ፣ ሳይታጠብ፣ እንዳለ በበረዶ ተከቦ ይምጣልን ነበር ያለችው። እርስዎም በትሕትና እሺ አሉ። እሺታዎ ግን ከስልኩ ጋር አብሮ ተዘጋ።

ፌስታሉ ሲፈታ ዶሮዋ እንዳለች ታየች፤ ደም አለባት፣ የላባ ርዝራዥ አለባት። የእርስዎ ፊት ተለዋወጠ። ወዲያው የጽሕፈት ቤቱን ሻይ አፍይ ካሰችን ጠርተው ሎሚና ጨው እንድታመጣ አዘዙ። አይታጠብ ተብሏል እኮ ብዬ ብማጸን የመለሱልኝን ቃል፣ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ፦ «እትዬ ውባለም፣ የከተማችን ዶሮ ደምና ላባውን ይዞ ሰው ፊት አይቀርብም፤ ምን ዓይነት ሴቶች ናቸው ያሏቸው ይሉናል።»

ካሰች ምን ታድርግ፤ የታዘዘችውን ፈጸመች። ሙያዋንም አልነፍጋትም። ለበለበችው፣ ቆዳውን ገፈፈችው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ ሳታጎድል አወጣች። ከዚያም ቧንቧው ሥር በሰማያዊው ሳፋ ውስጥ በሎሚና በጨው እያሸች፣ ውኃው ኩልል እስኪል ድረስ አጠበችው። ክቡርነትዎም ወንበር አስወጥተው ሥራውን በቅርብ ተቆጣጠሩ፤ አንገቱ ሥር ገና ነው እያሉም አረሙ። ሲያበቃም፣ መንገዱ ረጅም ነው እንዳይበላሽ ብለው አንድ ፈላ አስደረጉት። ናሙናው ሽንኩርትና ቅቤ ብቻ ጎድሎት ተጓዘ። እንቁላል ቀቅለው አለመጨመርዎ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በቤተ ልሔም ዜማ ያስተምር ነበር። ስሕተቱን ለመሸፈን ድምፁን የሚውጥ ተማሪ ሲያጋጥመው፣ ስሕተትህን ይዘህ ና፣ ደብቀህ ከመጣህ ምኑን ላርምልህ ይለው ነበር። እርስዎ ግን በዲግሪዎ ላይ ሌላ ዲግሪ የደረቡ ሰው ነዎትና የቆሎ ተማሪ የሚያውቀውን ነገር ማወቅ አይጠበቅብዎትም።

አራተኛው አቤቱታ ሳይሆን የሐዘን መግለጫ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ሠራተኛው ሁሉ ጾመኛ ነው። ዶሮዋ ከተሸኘች በኋላ ለምሳው ሽሮ ማባያ የሚሆን ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በዚያው ቢላዋ ተከተፈ፤ በዚያው ሳፋም ተለወሰ። ቢላዋውና ሳፋው በሳሙናና በፈላ ውኃ ይታጠቡ ብዬ ነበር፤ ዶሮው በሎሚ ሲታጠብ አብረው ታጥበዋል ተባልኩ። እንብላ ሲሉኝም ጠግቤያለሁ ማለቴን እንደ ኩራት አይዩብኝ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ አልተከፈተም። ለመስክ ሥራ ወጥተናል የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁ። የመስክ ሥራው ግን ከግቢው ጀርባ ካለው መጸዳጃ ቤት አላለፈም ነበር፤ እዚያም ቢሆን ወረፋ እንደነበረው የአጥሩ ጎረቤቶች ነግረውኛል። እኔ የሳይንስ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ላቦራቶሪ እንዲደርስ የተላከው ባክቴሪያ የትም እንዳልጠፋ፣ በእጥበቱ ውኃ ወርዶ እዚያው ግቢ እንደቀረ ለመገመት ሳይንስ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በጾም ቀን ዶሮ የጣለው መሥሪያ ቤት ግን ከእርስዎ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ካሰችም አብራ ተኝታ ነበር፤ ከልቤ ያዘንኩት ለእሷ ነው።

አምስተኛ። ከሳምንት በኋላ፣ በቀረበው ሥጋ ላይ ጎጂ ባክቴሪያ አልተገኘም የሚል ውጤት መጣ። ላቦራቶሪው አልዋሸም፤ ያቀረቡለትን መረመረ። እርስዎ ግን ከአልጋዎ እንደተነሡ በገበያ ቀን ሞንታርቦ አስጭነው፣ የማኅበሩ ዶሮ ንጹሕ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል፣ ችግሩ ያለው አንዳንድ ምግብ ቤቶች ዘንድ ነው ብለው አስነገሩ። በከተማችን የታሸገ ምግብ ቤት አንድ ብቻ ስለሆነ ስሜን መጥራት አላስፈለገዎትም። ገበያተኛው አህያውን ይዞ ቆሞ ሰማ፤ ሰምቶም ዞሮ በሬን አየ። ከዚያች ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን ያቀረብኩትን እንጀራ እንኳ ሰው እያገላበጠ ያየዋል። ይህን በጨዋ ቃል ልሸፍነው ብሞክር አልሸፈን ስላለኝ እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ያንገበግበኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ያለው ሰው፣ ያላከከባት ሴት ልጆቿን በዚያው ቆሸሸ በተባለው እጇ እንዳጎረሰች ቢያውቅ ምናልባት ትንሽ ያፍር ነበር። ዶሮው ግን ዛሬም እየተሸጠ ነው። ዛሬም አንድ አባወራ ለአራስ ሚስቱ እየገዛ ይሆናል።

እንግዲህ በራስዎ ሕግ ልለምንዎ። ሰዎች በልተው የታመሙበት ቤት ምርመራው እስኪጠናቀቅ ይታሸጋል ብለውኛል። በጽሕፈት ቤትዎም ሰዎች በልተው ታመዋል፤ ከነኃላፊው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ይፈጽሙልኝ። ወይ የእኔን በር ከፍተው፣ ከማኅበሩ አንድ ዶሮ ከነደሙ ከነላባው በበረዶ አሽገው ይላኩ፤ ወይም ጽሕፈት ቤትዎን ያሽጉ። ማሸጊያ ወረቀት ካለቀብዎት ከእኔ በር ላይ ያለውን ልጠው መውሰድ ይችላሉ። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ በጽሕፈት ቤትዎ ከተሠራው ሥራ ሁሉ በሚገባ የተሠራው እሱ ብቻ ነው።

ክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ፣ የረጋ ሆድና ሥራ የሚያስታውስ ልቡና ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከታሸገው በሬ ደፍ ላይ ተቀምጬ የተለመደውን ፈጣን ምላሽዎን በታላቅ አክብሮት እጠባበቃለሁ።

ውባለም ቀለመ ወርቅ
ሦስት ጊዜ ተመርምራ ሦስት ጊዜ ነጻ የወጣች

ሳልረሳው፦ ለሰው የሚቀርብ ምግብ የነካ ሁሉ ሰገራውን ያስመረምራል ብለውኛልና፣ ያንን ሳፋ ሲቆጣጠሩ የዋሉት የእርስዎም ተራ መድረሱ አይቀርም። ብልቃጡን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ በሚሄዱበት ቀን ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ የከተማው ስም ሰው ፊት ይጎድፋል ብለው እንዳያጥቡት።