የደም መርማሪው አቶ ስመኘው ደጀኔ፣ ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም

አቶ ስመኘው ከአባታቸው ከቄስ ደጀኔ ባምላኩ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እማዋይሽ ገብረሰንበት፣ በምዕራብ ጎጃም በማንኩሳ አካባቢ፣ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። አባታቸው ለድቁና ቢያስቧቸውም እርሳቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት አዘነበሉ፤ ቄስ ደጀኔ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ያህል አኩርፈዋል። አንደኛ ደረጃን በማንኩሳ፣ ሁለተኛ ደረጃን በፍኖተ ሰላም አጠናቀው በ1979 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ተመረቁ።

ሥራ የጀመሩት ቡሬ ነው። ያን ጊዜ ምርመራው አብዛኛው የወባ ስለነበረ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅረው ይውሉ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሰብለ መልካሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ያምሮትንና ሀኒን ወልደዋል። በ1998 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ወደሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ተዛወሩ። የኩላሊትንና የጉበትን ሁኔታ ከደም የሚለካ ማሽን ሲመጣ ሥራውን ቀድመው የተማሩት እርሳቸው ናቸው። ሰውየው አመመኝ ሳይል ደሙ ይናገራል ይሉ ነበር። ቁጡ እንደነበሩም መደበቅ አይገባም፤ ስም በወጉ ያልተጻፈበት የደም ናሙና ካዩ ነርሷን በሰው ፊት ይገሥጹ ነበር።

ይሁንና በ2004 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ የተሳሳቱት ራሳቸው ናቸው። በአገራችን ጸበል የለመደ በሽተኛ ስሙን ሲጠየቅ የክርስትና ስሙን ይሰጣል። በዚያን ዕለት የቡሬዋ ወ/ሮ ማሚቱና የደጋ ዳሞቷ ወ/ሮ አልጣሽ ሁለቱም ወለተ ሥላሴ ተብለው ተመዘገቡ። አቶ ስመኘው የአባት ስም ሳይጠይቁ ውጤታቸውን አቀያየሩት። ኩላሊታቸው የደከመው ወ/ሮ አልጣሽ ደህና ነዎት ተብለው ወደ ቀያቸው ሄዱ፤ ጤነኛዋ ወ/ሮ ማሚቱ ግን ከነቤተሰባቸው ሲያለቅሱ ሰነበቱ። ስህተቱ የታወቀው በሦስተኛው ቀን የወ/ሮ ማሚቱ ደም በድጋሚ ሲመረመር ነው።

አቶ ስመኘው ሰው አልላኩም። በመኪና እስከ ፈረስ ቤት፣ ከዚያም ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው ወ/ሮ አልጣሽን ቤታቸው አገኟቸው። የታመሙት እርሳቸው እንደሆኑ ነግረዋቸው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። የቤቱ ወንዶች ተቆጥተው ሲነሡ ወ/ሮ አልጣሽ፣ “ተዉት። ደህና ነሽ ብሎኝ ሦስት ቀን ደህና ሆኜ ሰንብቻለሁ፤ ያችን ሦስት ቀንማ አልመልስለትም” አሉ። በዚያው ሳምንት ሕክምና ጀምረው አምስት ዓመት ኖሩ። በየጊዜው ለምርመራ ሲመጡ የኩላሊታቸው ድካም የሚለካበት ቁጥር ከፍ ማለቱን የሚነግሯቸው አቶ ስመኘው ነበሩ።

በእኛ ዘንድ ክፉ ውጤት ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። አቶ ስመኘው ግን ከዚያ ወዲህ ደሙ የታማሚው ነው፣ ውጤቱም የእርሱ ነው እያሉ ከማንም ታማሚ አልደበቁም። በዚህ የተቀየሟቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

በጥር 2016 ዓ.ም. ጎናቸውን ያማቸው ጀመር። የጉበት ካንሰርን የሚጠቁመው ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ መብዛቱን ከሐኪሙ ቀድመው ያወቁት ራሳቸው ናቸው፤ ለባለቤታቸውም የዚያኑ ዕለት ነገሩ። ባሕር ዳር እየተመላለሱ ሲታከሙ ቁጥሩ ለጊዜው ወርዶ ነበር።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የመጨረሻውን ውጤት የተቀበለው ይህን ታሪክ የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ደረሰ ነው። ቁጥሩ ሦስት እጥፍ ጨምሯል፤ ሐኪሙም የቀራቸው ጥቂት ሳምንት መሆኑን ነገረው። ደረሰ ግን አንደበቱ እምቢ ብሎት ወርዷል አላቸው። አቶ ስመኘው ፊቱን ትክ ብለው ካዩ በኋላ፣ “እግዜር ይስጥህ። ለሰብለም እንደዚሁ ንገራት” አሉት። እርሱም ለወ/ሮ ሰብለ ወርዷል ብሎ ነገራቸው። ወ/ሮ ሰብለ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ለግንቦቱ የሀኒ ሠርግ የባለቤታቸውን ልብስ ያሰፉ ነበር።

አቶ ስመኘው ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ዐርፈው፣ ዛሬ በትውልድ አጥቢያቸው ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸውና ከወንድማቸው ተለይተዋል።

ወ/ሮ ሰብለ እውነቱን የሚሰሙት አሁን፣ ይህ ሲነበብ ነው። ደረሰ ስለ ራሱም ስለ ወንድሙም በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ ይለምናቸዋል። እግዚአብሔር የአቶ ስመኘውን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ዘንድ ያሳርፍልን፤ ለወ/ሮ ሰብለም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።