የኮሶው ችግኝና የተበላው ጋቢ

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ለሰው የማይነገር ነው፤ ለዚህ ደብተር ግን ይሁን። ዛሬ ያልተጠራሁበት ስብሰባ ገብቼ ቆሎ በላሁ።

አሥር ሰዓት ላይ የአረንጓዴ ግቢ ክበብ ስብሰባ ነበረኝ። ስለ ኮምፖስት። ኮሌጁ ሬጅስትራር ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ የክፍሎቹን ቁጥር በየግድግዳው የምለጥፈው እኔው ራሴ ሆኜ... ክፍል ተሳሳትኩ። ሻይ ተቀዳልኝ። ቆሎ ተዘገነልኝ። ጾሜን የዋልኩ ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ? ግማሹን ቆርጥሜ ነው ሲስተር ጥሩወርቅ፣ የነርሲንግ መምህርቷ፣ "እንግዲህ መዳን የማይችሉ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄደን..." ስትል የሰማሁት።

ተነስቼ ልውጣ? የሰው ቆሎ አፌ ውስጥ እያለ? ወረቀቱ ሲዞር ፈረምኩ። "በጎ ፈቃደኛ" ይላል። ፈቃዱስ የቆሎው ነው።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

ሥልጠና። ታማሚ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ አፍ እንዴት እንደሚረጥብ። እንዴት ዝም እንደሚባልም... እሱ ለእኔ ከሁሉ ከበደኝ። አንድ ነገር ሦስቴ ተነገረን፦ የበሽታውን ስም ለታማሚው እንዳትናገሩ። እሱ የሐኪምና የቤተሰብ ነው።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ጋሽ ይሻው ደረሱኝ። የግቢያችን አትክልተኛ የነበሩት! አምና ጡረታ ሲወጡ አርባ የኮሶ ችግኝ ለክበባችን አስረከቡ፤ ክበቡ ደግሞ ለእኔ።

ቤታቸው ወደ ጋፋት መውጫ ነው። ባጃጁ ዳገቱ ሥር ጥሎኝ ዞረ። ከሥራ መልስ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደረስኩ። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ግን ሳቂታ። ልጃቸው ዓለሚቱ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"ጨጓራ ነው ያልነው። ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ።"

ካንሰር ነው። ጉበት። ክረምቱን አያዩትም ብላኛለች ሲስተር።

"አንቺ የወረቀቷ ልጅ አይደለሽም?" አሉኝ ስመለስ። "ኮሶዎቼን ውርጭ አላገኘብኝም?"

"ደህና ናቸው፣ ጋሽ ይሻው።"

ደህናም ነበሩ። ያኔ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ባለፈው ዓርብ እንግዶች ግቢውን ሊያዩ ነው ተባለ። ችግኞቹ ትንሽ ፋፋ ቢሉ ብዬ... ከካፌው ትራፊ የተከመረውን ኮምፖስት ለየፌስታላቸው አደልኩ። ክምሩ ጧት ጧት ይጨሳል። ተማሪዎች ወደ ክፍል ሲያልፉ እጃቸውን ያሞቁበታል። እጅ የሚያሞቅ ነገር ሥር እንደሚያቃጥል እንዴት አልታየኝም?

ዛሬ አርባውም አለቁ። እንግዶቹም አልመጡ።

አስማማው መጥቶ አየ። የክበባችን ሊቀመንበር ነው፤ ባዮሎጂ ያስተምራል። "ሰላሚዬ፣ ይኼ እኮ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል! በሁዳዴ ቅቅል ሠራሽ?" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ማታ ጋሽ ይሻው ጠየቁኝ፤ ሁሌም ይጠይቃሉ። "ኮሶዎቼስ?"

"ደህና ናቸው።"

ሳልደናቀፍ ነው ያልኩት።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ሲስተር ጥሩወርቅ አብራኝ ሄደች። የሕመም ማስታገሻውን፣ የሞርፊኑን ጠርሙስ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። በየአራት ሰዓቱ የሚወሰድ ሽሮፕ ነው፤ የሚገባውን ያህል አልጎደለም።

"ከቅዳሜና እሁድ በቀር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃም አይቀምስ" አለች ዓለሚቱ። "ጾመኛ ነው።"

ማለት... ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያለ መድኃኒት። እኔ የምመጣው ሁሌ ከዚያ በኋላ ነው። ሳቂታ ናቸው እያልኩ የምጽፈው!

"ጋሽ ይሻው፣ መድኃኒት እኮ ነው" አለቻቸው ሲስተር።

"ለጨጓራ ብዬ ጾም ልሻር? ጨጓራ ያለበት ሁሉ ቢገድፍ ደብረ ታቦር ላይ ማን ይጾም ነበር?"

"የንስሐ አባትዎ ቢፈቅዱስ?"

"መምሬ አለሙ? ለጨጓራ? ይስቁብኛል።"

ውጭ ወጥተን ሲስተርና ዓለሚቱ ተያያዙ። ለካ መምሬም አያውቁ። ዓለሚቱ አልነገረቻቸውም።

"መምሬ ካወቁ ሊያናዝዙት ይመጣሉ። ሲመጡ ይገባዋል። ከገባው ይሞትብኛል።"

"እያመማቸው ነው፣ እህቴ።"

"ሲያመው አላየሁም!"

እውነቷን ነው። ጎህ ሲቀድ ድንች ይዛ ገበያ ትወርዳለች፤ ጧት እቤት የለችም። ሲስተር ቦርሳዋን አነሣች። ልጅቷ ቤተሰብ ናት፤ የመናገሩ ሥልጣን የሷ ነው።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ብርድ። ጉና ተራራ ላይ በረዶ ጥሏል ይላሉ። ዓለሚቱ ወጥመድ ገዛች፤ አይጥ ገብቶ የአባቷን ጋቢ ጫፍ እየበላው ነው አሉ።

መጋቢት 23፣ ሰኞ

መብራት ጠፋ። ኮምፒውተር ከሌለ ሬጅስትራር ምን ይሠራል? ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ጋፋት መውጫ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንኳ አላሰብኩበትም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ ይሻው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። የጋቢው ጫፍ አፋቸው ውስጥ ነው። ነክሰውታል። ወጥመዱ አልጋው ሥር፣ የዳቦው ቁራሽ እንዳለ።

ሲያዩኝ አወጡት። እርጥቡን ጫፍ አጥፈው ከሥራቸው ከተቱ።

"ጎረቤት እንዳይሰማ ነው" አሉ። ከዚያ፣ "ኮሶዎቼስ?"

"ደህና..." ብዬ አልጨረስኩትም።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ገበያ። ዓለሚቱ ድንቿን በመደብ በመደብ እየደረደረች ነው፤ አንዲት ሴትዮ እየተከራከረቻት።

"አይጥ አይደለም" አልኳት።

"ምን?"

"ጋቢውን የበላው። አይጥ አይደለም።"

"ምንድነው ታዲያ?"

"የአባትሽ ጥርስ ነው።"

ቀና አላለችም። ለሴትዮዋ ድንቹን ስትሰጣት በአንዱ ዋጋ የሁለት መደብ ነው የሰጠቻት። ሴትዮዋም ቶሎ ብላ ሄደች።

የበሽታውን ስም ለታማሚው አልተናገርኩም። ደንቡን ጥሻለሁ እንዴ? አልመሰለኝም።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

ትናንት ዓለሚቱ ደወለች። "ነገ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ኑ፤ ሲስተርን ይዘሻት።" ሌላ ምንም አላለችም።

ስንደርስ መምሬ አለሙ ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ደጅ ቆመዋል። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ... በዚህ አገር ይኼ መርዶ ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ጋሽ ይሻውም አወቁ። ሲያዩን ክርናቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

"ማን ሞተ?"

መምሬ አንድ እርምጃ ቀረቡ።

"ወንድሜ ነው? የጉናው?"

"ወንድምዎ ደህና ነው፣ አቶ ይሻው" አሉ መምሬ።

ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ላይ፣ እኔ ላይ፣ የሲስተር ቦርሳ ላይ። ዓለሚቱ ላይ ቆየ።

"አባዬ..." አለች፤ አልቀጠለችም።

"እኔው ነኝ እንዴ?"

የጎረቤት ዶሮ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ዓለሚቱ እግራቸው ሥር ተደፋች፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ስንት ደቂቃ? አልቆጠርኩም። ከዚያ፦

"የቤቱ ባለቤት እኔ፣ ሟቹም እኔ... እናንተን ማን ያስቀምጥ? ዓለሚቱ፣ ተነሺ። ወንበር አምጪላቸው።"

አንደኛው ሽማግሌ ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ከመምሬ ጋር ብቻቸውን ቆዩ። መምሬ ሲወጡ፣ "መድኃኒቱን በየሰዓቱ ይውሰዱ፤ ፈቅጃለሁ። እህሉንም ብያቸው ነበር፤ እሱን አይሆንም አሉኝ" አሉ። ከውስጥ ድምፅ መጣ፦ "እህል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል! ጠላት ደስ አይበለው!"

አንድ ሰዓት ላይ ሲስተር ሽሮፑን በስሪንጅ ለክታ ሰጠቻቸው። ሁለት ሰዓት ላይ ትከሻቸው ወረደ። ተኙ። የጋቢው ጫፍ ደረታቸው ላይ፣ ደረቅ።

ዓለሚቱ ወጥመዱን አንስታ ለጎረቤት ሰጠች።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

እዚያ ቤት የምዋሽ እኔ ብቻ ቀረሁ።

"ጋሽ ይሻው፣ ኮሶዎቹ ሞተዋል።"

"ስንቱ?"

"አርባውም።"

"ውርጭ ነው?"

"እኔ ነኝ። ያልበሰለ ኮምፖስት ጨመርኩባቸው።"

ጣራውን ብቻ አዩ። ያ የሠለጠንኩበት ዝምታ... ቻልኩት።

"ለእኔ ለአንዱ ስንት ሽማግሌ ይዘው መጡ" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ለአርባ ነፍስ ብቻሽን መጣሽ?"

ዓለሚቱ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀች። ከዚህ በፊት ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከአልጋው ሥር ካለው ሳጥን አንድ ቋጠሮ ጨርቅ አስወጡኝ። የኮሶ ዘር ነው፤ እፍኝ አይሞላም።

"አፈር አታልብሺው፣ ይታፈናል። አሸዋ ነስነስ አድርጊበት። በላዩ ሣር፣ ለውርጩ። ያንን ገማና ክምራችሁን ደግሞ እንዳታስጠጊው! ሃያ ቀን ይፈጃል።"

"ለተከላ ይደርሳል?"

"ለዘንድሮ ክረምት? አይደርስም። ለከርሞ ነው።"

ለከርሞ። ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። እኔ ነኝ ወደ መስኮቱ ያየሁት።

መጋቢት 30፣ ሰኞ

ዘራሁ። አስማማው ሣሩን ይዞ ቆመልኝ። አልቀለደም።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

ዛሬ የሲስተር ጥሩወርቅ ስብሰባ ነበር። አቶ ሙላቴ የሚባል አዲስ የሒሳብ መምህር በሩን ከፍቶ ግራ ቀኝ አየ። ክፍል እንደተሳሳተ አውቄዋለሁ... ያቺን ፊት አላውቃትም? ሳይጠይቅ በፊት ወንበር ሳብኩለት፤ ቆሎ በሁለት እጄ ዘገንኩለት። ሲፈርም እጁ ትንሽ ዘገየ። ቅዳሜ ሥልጠና አለበት።

ጧት ጧት አሁን ቢሮ ከመግባቴ በፊት ጋሽ ይሻው ዘንድ ነኝ። የአንድ ሰዓቱን ሽሮፕ የምለካው እኔ ነኝ፤ ዓለሚቱም ገበያ የምትወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድማቸው ከጉና በበቅሎ መጥቶ ሦስት ቀን ሰነበተ። ጋሽ ይሻው የሚናገሩትን ሁሉ ለእሱ ተናግረው ጨረሱ መሰል፤ አሁን ብዙ አያወሩም። ቅንድባቸውን ብቻ ያነሣሉ፤ ይኼ ጥያቄው ነው።

"አልበቀለም" እላለሁ።

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም።

ዛሬ አሥረኛው ቀን ነው። አሥር ይቀራል። እሳቸውስ ስንት ይቀራቸዋል? ሲስተር አትናገርም፤ እኔም አልጠይቅም። አንዷ እንኳ ብቅ ብትል በአንድ ሰዓት፣ ሽሮፑን ሳልቀዳ ነው የምነግራቸው። አንዷም ባትበቅል በዚያችው ሰዓት። እሳቸው ባይደርሱበት ደግሞ ለዓለሚቱ። የሆነውን፣ እንደሆነው፣ እዚሁ ደብተር ላይ አሰፍረዋለሁ።